ስህተት ለቃሚዎች፦ የባክቴሪያን ጂኖም ማጥናት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ይገለብጣል እንበል። ብራናው ተወጥሯል፣ መቃው ተቀርጿል፣ ዓይኑ ግን ደክሟል። የሆነ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ይስታል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ጸሐፊ ያንን ቅጂ ሲገለብጥ የፊተኛውን ስህተት አብሮ ይገለብጣል፤ ከራሱም አንድ ሁለት ይጨምርበታል። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ አንድ የብራና አጥኚ አርባ ዳዊት ጠረጴዛ ላይ ቢደረድር የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ ሊደርስበት ይችላል። የሚረዳው በትክክል የተጻፈው አይደለም፤ ትክክሉማ ሁሉም ላይ አንድ ነው። የሚረዳው ስህተቱ ነው። አንድ ዓይነት ስህተት የሚጋሩ ቅጂዎች አንድ እናት አላቸው።

የተህዋስያንን ጂኖም፣ ብዝኃነትና ዝግመተ ለውጥ በማስተርስ ወይም በፒኤችዲ የሚያጠና ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስሙ ያስፈራል። ሥራው ግን ስህተት መልቀም ነው። አስቸጋሪው ነገር ስህተቱ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ ባክቴሪያው ራሱ ሲባዛ የሠራው ነው፤ እሱ ወርቅ ነው፣ ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሌላው የእኛ ነው፦ የማሽኑ፣ የላብራቶሪው ውሃ፣ የተሳሳተ ግምታችን። ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ሲታዩ ቁርጥ አንድ ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁ የዚህ ትምህርት ዋናው ሙያ ሁለቱን መለየት ነው። ኮርሱም፣ ማሽኑም፣ ሶፍትዌሩም ለዚያ ማገዣ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። ጂኖም የአንድ ፍጡር ሙሉ የዘር መጽሐፍ ነው፤ የሚጻፈውም በአራት ፊደላት (ኤ፣ ሲ፣ ጂ፣ ቲ) ብቻ ነው። የሰው መጽሐፍ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል አለው። የቲቢ ባክቴሪያ 4.4 ሚሊዮን ገደማ፣ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ደግሞ 4.6 ሚሊዮን ገደማ አላቸው። ራሱን ችሎ ከሚኖር ፍጡር ሁሉ ቀድሞ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ዓመቱ 1995፣ ርዝመቱ 1.8 ሚሊዮን ፊደል። ቲቢ በ1998 ተከተለ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ያኔ አንዲት ባክቴሪያ ማንበብ የትልቅ ቡድን የወራት ሥራ ነበር። ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያው መቶ ሁለት መቶ ጂኖም ቢያወዳድር ማንም ጉድ አይልም።

ከባክቴሪያዎች ሁሉ ቲቢን ምሳሌ ላድርግ፤ ለጀማሪ የሚመች ጸሐፊ ነው። አይቸኩልም። ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ሲከፈል ቲቢ ወደ 20 ሰዓት ይወስድበታል። አክታን ላብራቶሪ ውስጥ ዘርቶ እስኪያድግ መጠበቅ ሳምንታት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ሲገለብጥም ብዙ አይስትም። አንድ የቲቢ ዘር ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ሲኖር፣ በጂኖሙ ላይ ተጽፎ የሚቀረው ለውጥ በአማካይ በሁለት ዓመት አንድ ፊደል ገደማ ነው። ከ4.4 ሚሊዮን ውስጥ አንድ!

አሁን ማሽኑን እናምጣ። ብዙ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ኢሉሚና የሚባለው ማሽን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አያነብም። መጽሐፉ የተጻፈበት ሞለኪውል፣ ዲኤንኤው፣ ይበጣጠስና እያንዳንዱ ቁራጭ 150 ፊደል ያህል ሆኖ ይነበባል። ከሺህ ፊደል አንዱን ገደማ ይስታል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ብታሰሉት፣ የቲቢን ጂኖም አንድ ጊዜ ብቻ ብናነብ ከ4,000 በላይ የሐሰት ስህተት እናገኛለን። በዓለም ላይ ካሉት የሰው ቲቢዎች እጅግ የሚራራቁት ሁለቱ እንኳ የሚለያዩት በ2,000 ፊደል ገደማ ነው። ሐሰቱ እውነቱን ውጦ ያስቀረዋል ማለት ነው።

መፍትሔው በሁለት በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል የሚለው የድሮ ሕግ ነው። እዚህ ምስክሩ ሃምሳና መቶ ይሆናል። እያንዳንዱ ቦታ በተለያዩ ቁራጮች ደጋግሞ ይነበባል፤ ዘጠና ዘጠኙ «ኤ» ካሉ አንዱ «ጂ» ቢል ስህተቱ የማሽኑ ነው። ይህም ሆኖ የማይፈታ ቦታ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ተመሳሳይ ክፍሎች አሉ። ከመዝሙር መጽሐፍ ተቀድዳ የወደቀች ብጣሽ ላይ «ሃሌ ሉያ» የሚል ብቻ ቢጻፍ ከየትኛው ገጽ እንደወጣች ማን ያውቃል? የቲቢ ጂኖም ከመቶ አሥር ያህሉ እንደዚህ ያለ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ተማሪ ያንን ክፍል ሸፍኖ በቀረው ላይ ይሠራል። የማይታመንን መረጃ ሆን ብሎ መጣል ሲጀምሩ ያንገበግባል። ከዚያ ይለመዳል።

ስህተቱ ከተጣራ በኋላ የቀረው ብዙ ይናገራል። በ2013 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ጥናት፣ የሁለት ታማሚዎች ባክቴሪያ በ5 ፊደል ወይም ከዚያ በታች ከተለያየ አንዱ ከሌላው በቅርቡ ሳይያዝ አይቀርም፣ ከ12 በላይ ከሆነ ግን ግንኙነት መኖሩ ያጠራጥራል አለ። ይህ ልኬት ዛሬም በየአገሩ ወረርሽኝ ለመከታተል ያገለግላል። ጎረቤታሞች አንድ ሰሞን ስለታመሙ ተላልፈዋል ማለት አይቻልም፤ ፊደሉ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ወልዲያ ትገባለች። የሰውን ቲቢ የሚያጠኑ ሰዎች ባክቴሪያውን በዘር ሐረግ ከፍለውታል። አንደኛው በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ፣ ሁለተኛው በምሥራቅ እስያ፣ ሦስተኛው በሕንድና በምሥራቅ አፍሪካ፣ አራተኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ጎልቶ ይታያል። አምስተኛውና ስድስተኛው የምዕራብ አፍሪካ ናቸው። በ2012 እና በ2013 የወጡ ጥናቶች ግን ከስድስቱም ጋር የማይገጥም ቲቢ አመጡ። በብዛት የተገኘው በወልዲያና በአካባቢው ሲሆን፣ ሰባተኛው የዘር ሐረግ ተባለ። በዘር ሐረግ ዛፉ ላይ ያለው ቦታ ደስ ይላል፦ ቀድመው ከተለዩት ሐረጎችና «ዘመናዊ» ከሚባሉት ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው መካከል ላይ ይቀመጣል። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በላቲን «ኤቲዮፕስ ቬቱስ» ቢባል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ እንደ ማለት ነው። ለበሽታ እንዲህ ያለ ማዕረግ መስጠት ትንሽ ይከብዳል እንጂ።

ጉዳዩ ግን ከስም በላይ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ቲቢ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ እንግዳ በሽታ ነው፣ አውሮፓውያን ይዘውት ገቡ ብለው ይጽፉ ነበር። በ2015 የኢትዮጵያን ናሙናዎች ጂኖም ያጠና ቡድን ይህ አባባል ከመረጃው ጋር እንደማይሄድ አሳየ። እዚህ ያሉት ሐረጎች ብዙ ናቸው፣ ሥር መሠረታቸውም ጥልቅ ነው። በ2020 ደግሞ ከሩዋንዳና ከኡጋንዳ ከተገኙ ናሙናዎች ስምንተኛ ሐረግ ተለየ። የቲቢ ዛፍ ግንዱ አፍሪካ ውስጥ ነው የሚለው ሐሳብ እየጠነከረ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ይህ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው? እዚህ ላይ ነው የእኛ ግምት ራሱ ስህተት የሚሆነው። በ2013 አንድ ትልቅ ጥናት ቲቢ ከሰው ልጅ ጋር ከአፍሪካ ወጣ፣ ዕድሜውም ወደ 70,000 ዓመት ይሆናል አለ። የባክቴሪያው ዛፍ የሰውን የስደት ዛፍ ይመስላል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ተጓዙ የሚል ነበር መነሻው። በዓመቱ ሌላ ቡድን ከፔሩ አጥንት ይዞ መጣ። አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ካላቸው ከኮሎምበስ በፊት ከሞቱ ሰዎች አጥንት የቲቢ ዲኤንኤ ተነበበ። ዕድሜው የሚታወቅ ናሙና ካለ የፊደል ለውጡን ፍጥነት በግምት ሳይሆን በቀጥታ መለካት ይቻላል። ውጤቱ ከ6,000 ዓመት በታች ሆነ! ሌላም ጉድ ነበረበት፦ የፔሩዎቹ ሰዎች ቲቢ በጣም የቀረበው ዛሬ የባሕር አንበሳና የመሳሰሉትን የባሕር እንስሳት ለሚይዘው ነው። በ2020 ደግሞ ስዊድን ውስጥ በ1679 ከሞቱ አንድ የሉንድ ጳጳስ ሳንባ የተገኘ ቲቢ ሲነበብ ልኬቱ ከፔሩው ጋር ተቀራረበ።

70,000 እና 6,000። ሁለቱም ቡድን ፊደሉን በትክክል ነበር ያነበበው። የተለያዩት የፊደል ለውጡን ፍጥነት የሚለካውን ሰዓት በምን እንሙላው በሚለው ላይ ነው። እኔ ሚዛኔ ወደ አጥንቱ ያደላል። እንደዚያም ሆኖ ተማሪ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ቢያነብ ከአንድ ሙሉ ሴሚስተር ኮርስ የበለጠ ይማርባቸዋል።

ቲቢ ለጀማሪ ይመቻል ያልኩበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ፦ ከሌላ ባክቴሪያ አይበደርም። ቀጥ ብሎ ከእናት ወደ ልጅ ብቻ ይገለበጣል። ብዙ ባክቴሪያዎች ግን እንደዚያ አይደሉም። ከሌላ መጽሐፍ ቅጠል ገንጥለው በራሳቸው ጥራዝ ውስጥ ይሰፋሉ። በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፊት የሚባል እንግሊዛዊ ይህንን ሳያውቀው አየው። ገዳይ የሳንባ ምች ባክቴሪያን በሙቀት ገድሎ፣ ከማይገድለው ሕያው ዘመዱ ጋር ቀላቅሎ አይጥ ወጋ። አይጧ ሞተች። ሕያው የሆነው ከሞተው ላይ መሣሪያውን ወርሶ ነበር። በ2002 ሦስት የኢ. ኮላይ ዝርያዎች ሲወዳደሩ፣ ከፕሮቲኖቻቸው ሁሉ ሦስቱም የሚጋሩት ከመቶ 40 እንኳ አልሞላም። ስማቸው አንድ፣ መጽሐፋቸው ግማሽ በግማሽ የተለያየ።

የመድኃኒት መላመድ ነገርም በዚህ ሲታይ ይገባል። ኢ. ኮላይና ዘመዶቹ መድኃኒት የሚያከሽፍ ጂን (ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ እንደ ማለት ነው) ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ጠቅልለው ለጎረቤት ያቀብላሉ፤ ጎረቤቱ ሌላ ዝርያ ቢሆንም ግድ የላቸውም። ቲቢ ግን መድኃኒት የሚለማመደው በራሱ የፊደል ስህተት ነው። ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የሚያከሽፉት ለውጦች አብዛኞቹ በአንድ ጂን ላይ ባለች 81 ፊደል በምታህል ቦታ ይሰበሰባሉ። በየሆስፒታሉ የምናየው ጂን ኤክስፐርት ማሽን በሁለት ሰዓት መልስ የሚሰጠው ሙሉውን መጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ ያቺን አንቀጽ ብቻ ገልጦ ነው።

ወደ ብዝኃነቱ እንምጣ። ከአፈርም ሆነ ከሐይቅ የምንቀዳቸው ተህዋስያን አብዛኞቹ ላብራቶሪ ውስጥ ዘርተናቸው አይበቅሉም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ስለመኖራቸውም አናውቅም ነበር። በ1977 ካርል ዎዝ እና ጆርጅ ፎክስ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አንድ መላ አመጡ። በሁሉም ህዋስ ውስጥ ያለችውን አንዲት ጂን ብቻ እያነበቡ ማወዳደር ጀመሩ። በባክቴሪያ ላይ 1,500 ፊደል ያህል ናት። በዚያ መንገድ ባክቴሪያ ሲባሉ ከኖሩት ውስጥ አንዳንዶቹ ጭራሽ ባክቴሪያ እንዳልሆኑ ታየ፤ ዛሬ አርኪያ ይባላሉ። አሁን አንድ ማንኪያ አፈር ወስዶ ዲኤንኤውን በጅምላ ማንበብ ይቻላል፤ ማንንም ማብቀል ሳያስፈልግ።

የጅምላ ንባብ ግን የራሱ መዘዝ አለው። ለዚህ ከዳሎል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አፋር ውስጥ ከባሕር ጠለል በታች ዝቅ ብሎ፣ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ ይንተከተካሉ። ውሃው ከባትሪ አሲድ የማይተናነስ ነው፣ በጨው የተሞላ ነው፣ ሙቀቱም ፍል ውሃ ነው። እዚያ የሚኖር ነገር ይኖር ይሆን? በግንቦት 2019 አንድ ቡድን አዎ አለ፤ እጅግ ደቃቅ የሆኑ አርኪያዎች አገኘን ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሌላ ቡድን የለም አለ። በዙሪያው ባሉት ቀለል ባሉ ጨዋማ ውሃዎች ሕይወት ሞልቷል፣ በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ግን የለም። ብቅ ብቅ ያሉት ጥቂት ዲኤንኤዎች ከሰው ቆዳ ወይም ከላብራቶሪ ዕቃ የሚመጡ ዓይነት ናቸው፤ በማይክሮስኮፕ ህዋስ የሚመስለውም ክብ ነገር አንዳንዴ ማዕድን ነው አሉ።

ልብ በሉ። ዲኤንኤ ማውጫ ተብሎ ታሽጎ የሚሸጠው ፈሳሽ ራሱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ርዝራዥ አለበት። አፈር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ህዋስ ስላለ ርዝራዡ አይታይም። ባዶ በሚባል ውሃ ውስጥ ግን የሚነበበው እሱ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተማሪ ሁልጊዜ አንድ ምንም ያልተጨመረበት ቱቦ አብሮ ያዞራል። ከሌሎቹ ጋር ይታጠባል፣ ይሞቃል፣ ይነበባል። ገንዘብ ማባከን ይመስላል፤ የባዶ ቱቦ ማንበቢያ ዋጋውም እንደሌላው ነው። ከናሙናው የተገኘው ነገር ባዶው ቱቦ ውስጥም ካለ ግን ግኝት የተባለው ቀረ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሪቻርድ ሌንስኪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1988 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢ. ኮላይን በ12 ብልቃጥ ዘርቶ በየቀኑ ወደ አዲስ ምግብ ያዛውር ጀመር። በየ500 ትውልዱ ጥቂቱን ያቀዘቅዛል፤ ፍሪዘሩ የቅድመ አያቶች ማከማቻ ሆነ ማለት ነው። በ2003 አንደኛው ብልቃጥ ባልተለመደ ሁኔታ ደፈረሰ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ብክለት ነበር፤ እንግዳ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ሲመረመር ግን የራሳቸው ኢ. ኮላይ ነው። ከ31,000 ትውልድ በኋላ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገር መብላት ተምሮ ነበር። ኢ. ኮላይ ከሚታወቅበት መለያ አንዱ ያንን አለመቻሉ ነው። እንዴት እንደቻለ ለማወቅ ዛክሪ ብላውንት የሚባል የዶክትሬት ተማሪ ከፍሪዘር ቅድመ አያቶቹን እያወጣ፣ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ህዋሳት ላይ ታሪኩን ደጋግሞ አጫወተው። ችሎታው የተገኘው ቀደም ብለው በተጠራቀሙ ሌሎች ለውጦች ላይ ተደርቦ እንደሆነ ታየ። ጽሑፉ በ2008 ወጣ።

የተማሪው ውሎ ምን ይመስላል ለሚለው፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ማይክሮስኮፕ ላይ የተደፋ ሰው ካሰባችሁ ትንሽ አስተካክሉት። ናሙና መሰብሰቡና ዲኤንኤ ማውጣቱ አለ፤ አብዛኛው ጊዜ ግን ጥቁር ስክሪን ፊት ያልፋል። ሊኑክስ፣ ፓይተን፣ አር የሚባሉት የኮምፒውተር መሣሪያዎች ባዮሎጂ የተመረቀን ልጅ መጀመሪያ ያስለቅሱታል። ከሁሉ የሚያስፈልገው ግን ስታቲስቲክስ ነው። ብዙ ሰው እሱን ሸሽቶ ባዮሎጂ ይገባል፣ እዚያም ይጠብቀዋል።

ማሽን የለንም ብሎ መቅረት ደግሞ ድሮ ቀርቷል። ተመራማሪዎች ጽሑፍ ሲያሳትሙ ያነበቡትን ጂኖም ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ማስቀመጥ ይጠበቅባቸዋል። ኔትዎርኩ ከፈቀደ ማንም በነፃ ያወርደዋል። በሌሎች መረጃ ላይ አዲስ ጥያቄ ጠይቆ መመረቅ ሙሉ ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሺህ ጂኖም ታወርዱና ናሙናው በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ወረዳ፣ ከምን ዓይነት ታማሚ እንደተወሰደ የሚገልጸው ዓምድ ባዶ ይሆናል። ዓመት ከሌለ ሰዓቱ አይሞላም። ቦታ ከሌለ ዛፉ ከካርታ ጋር አይገናኝም።

ወደ ወልዲያው ቲቢ ልመለስ። ይህ ሰባተኛው ሐረግ ላብራቶሪ ውስጥ ከሌሎቹም ይልቅ ቀስ ብሎ ያድጋል። በ2015 የወጣ የአማራ ክልል ጥናት ደግሞ በዚህ ሐረግ የተያዙ ሰዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት ከሌሎቹ ዘግይተው እንደሆነ አሳየ። ወዲያው የሚመጣ ሐሳብ አለ፦ ባክቴሪያው ዝግ ያለ ስለሆነ ሕመሙም ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሰውም ቶሎ አይደናገጥም። ሊሆን ይችላል። ግን ሐረጉ በአንድ አካባቢ የታጠረ ነው፤ የአንድ አካባቢ ሰው ደግሞ መንገዱንም፣ ተራራውንም፣ የሥራ ወቅቱንም ይጋራል። ያዘገየው ባክቴሪያው ነው ወይስ መንገዱ? በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ በተለያየ ሐረግ የተያዙ ታማሚዎችን ማወዳደር ያስፈልጋል። ለዚያ የጂኖም ማሽን አይበቃም። አክታው በተሰጠበት ቀን ከታማሚው ቤት እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቆ የጻፈ ሰው ይፈልጋል።